የመምህርት ንግሥቴ የሐሙስ ወንዝ

መምህርት ንግሥቴን ለማናደድ ብዙ ድካም አይጠይቅም። «ተረት ታስተምሪያለሽ አሉ» ማለት ይበቃል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ግቢው በባሕር ዛፍ በታጠረ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ስታስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያን ቃል ያልወረወረባት የለም፤ በመምህራን ክበቡ ሻይ የሚያፈላው ሰውዬ ሳይቀር። የእሷም መልስ አንድ ነው። «ተረትስ ቢሆን? አንተ ያደግኸው በምንድን ነው፣ በደንብና በመመሪያ?»

ሐሙስ ሐሙስ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ምናባዊ ልቦለድ ታስነብባለች። ተራራ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሰደድበትን፣ ሰው ጥላውን አከራይቶ የሚኖርበትን፣ በዓለም ላይ የሌለ ነገር ሁሉ እንዳለ ሆኖ የሚተረክበትን ዓይነት። ልጆቹ «ፋንታሲ» ይሉታል። ርእሰ መምህሩ አቶ ክንፈሚካኤል «ያ የንግሥቴ ነገር» ይለዋል። በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ግን የተጻፈው «ንባብ» ተብሎ ነው፤ እሷም ሰሌዳው የሰጣትን ቃል አጥብቃ ይዛለች።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማራትም። ትውልዷ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው። ኮሌጅ ሳለች ስለ ዘንዶ የጻፈችውን ወረቀት አንድ መምህር «ዘንዶ ለሕፃን ነው፤ አንቺ እዚህ የመጣሽው ልትታዘይ ነው?» ብሎ በክፍል ፊት መለሰላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልመለሰችም፤ ቂም ይዛ ወጣች እንጂ። ቂም ክፉ ነው ይባላል። የእሷ ቂም ግን ያገኘችውን ሁሉ አስነበባት፤ የተቀደደ፣ ሽፋን የሌለው፣ መጨረሻው የጠፋ መጽሐፍ ሳይቀር። መጨረሻው የጠፋውን ራሷ ትጨርሰው ነበር።

መንገዱም ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ በከረመበት ዓመት የጎረቤት ልጆች ደጃፏ ላይ ይሰበሰቡባት ጀመር። ያላትን መጽሐፍ በአንድ ወር አነበበችላቸው። አለቀ። «ቀጥሎስ?» አሏት። ቀጥሎ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ራሷ መጻፍ ጀመረች። እስከ ዛሬ ድረስ በእሷ ታሪኮች ውስጥ አንድ ሰው ጥላውን ሲያከራይ፣ ከወረቀቱ ጀርባ የሥነ ሕይወት ፈተና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ብርሃን ላይ ይታያል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወረቀቶቹን በፌስታል አንጠልጥላ ዐሥረኛ ክፍል ይዛቸው ገባች።

የመጀመሪያው ሐሙስ ውርደት ነበር። ስለ ተሰዳጁ ተራራ የጻፈችውን ማንበብ ጀመረች፤ አንድ ገጽ ሳትጨርስ ምስክር የሚባለው የክፍሉ አንደኛ እጁን አወጣ።

«የታሪኩ ጭብጥ የስደትን አስከፊነት ማሳየት ነው» አለ።

«ተራራው ገና አንድ እርምጃ አልተራመደም እኮ። ምኑን ስደት አየህ?»

«አላየሁም ቲቸር። ፈተና ላይ ግን እንደዚያ ነው የሚመጣው።»

ልጁን አትፍረዱበት። እኛ ነን እንዲያ ያደረግነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እያልን አንቀን ይዘነው፣ ታሪክ ማለት ትምህርቱ ወጥቶለት ገለባው የሚጣል ነገር መስሎታል። ያልነበረን ዓለም ገብቶ ማየት ያልቻለ ልጅ፣ ያልነበረ ድልድይ፣ ያልነበረ መድኃኒት፣ ያልነበረ ሕግ ከየት ያመጣል? «ፈጠራ የለም» እያልን በየስብሰባው የምናለቅሰው እኛው፣ ልጅ ዘንዶ ሲያነብ ካየን ዱላ የምናነሣውም እኛው።

ንግሥቴ ግን አላለቀሰችም። ሕግ አወጣች። በሐሙስ ክፍል፣ ገጹ ሳያልቅ «ይህማ አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። «ይህ ማለት እንትን ማለት ነው» ማለትም ክልክል ነው፤ መጀመሪያ አገሩ ይታይ። እንግዳ አገር የገባ ሰው ምን ያደርጋል? ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደማይነካ፣ ማን ለማን እንደሚነሣ ያያል። እሷም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። የዚህ አገር ሕግ ምንድን ነው? ሕጉ ሲሠራ ሸክሙ ማን ላይ ይወድቃል? መልስ የሰጠ ልጅ ደግሞ በዋዛ አይቀመጥም። «ገጹ ላይ የት አለ?» ትለዋለች። ጣቱን ገጹ ላይ ማሳረፍ ያልቻለ መልስ ለእሷ ሐሜት ነው።

ከዓመት በላይ አለፈ፤ ልጆቹም ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገቡ። ልጆቹ በሐሙስ መቅረት ተዉ። ከሌላው ክፍል በመስኮት የሚያዳምጡ መጡ።

ከዚያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ከትምህርት ቤቱ ያለፉት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ወላጅ አዘነ፣ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ፣ ስብሰባ ተጠራ። በስብሰባውም ትርፍ ክፍለ ጊዜ ሁሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል ተባለ። ትርፍ የተባለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

አቶ ክንፈሚካኤል ከስብሰባው በኋላ ንግሥቴን ቢሮው ጠራት። እዚህ ትምህርት ቤት የገቡት አብረው ነው፤ ሲከራከሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

«ንግሥቴ፣ እኔ አልጠላሁትም። በመስኮት ቆሜ የሰማሁበት ቀን አለ። ያ ጥላውን ያከራየው ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ሐሙስ ናና ስማ።»

«ሐሙስ የምመጣው ብቻዬን አይደለም። ሱፐርቫይዘር ከወረዳው ይመጣል፤ የወላጆች ኮሚቴም ኋላ ይቀመጣል። አይተው ካመኑበት ሐሙስሽ ይቆያል። ካላመኑበት ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰዓቱ የሒሳብ መልመጃ፣ የወርክሺት ነው። ከዚህ በላይ ላደርግልሽ አልቻልኩም።»

«በቂ ነው።»

«ታዲያ ልጆቹን ትንሽ አለማምጃቸው። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«የተለማመዱት ንባብ ንባብ አይደለም ክንፌ። ቲያትር ነው።»

«ቲያትርስ ቢሆን ሐሙስን ካዳነ» አለ። ፌስታሏን አንሥታ ወጣች።

ለዚያ ሐሙስ ልጆቹ ያላዩትን ታሪክ መረጠች። ቡሬ ሄዳ ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች፤ ለሦስት ልጅ አንድ ቅጂ እንዲደርስ አስባዝታ ተመለሰች። የበርበሬ ወቅት ነበርና ከገበያው የሚነሣው አቧራ ሲያስነጥሳት ዋለ። ልጆቹን አንድ ቃል አልነገረቻቸውም፤ «ሐሙስ እንግዳ አለ፣ እንደ ወትሯችሁ ሁኑ» ከማለት በቀር። ልጆቹ ግን ዜናውን ከእሷ ቀድመው ሰምተውታል። ትምህርት ቤት ውስጥ ምስጢር የሚጠብቅ አጥር እስካሁን አልተሠራም።

ሐሙስ ደረሰ። ከኋላ አግዳሚው ላይ ጉልበታቸውን የሚያስገቡበት አጥተው የተቀመጡት፣ የወላጆች ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ሀይሉ ናቸው። ገበሬ ናቸው፤ በቀበሌያቸው የመስኖውን ተራ የሚከፍሉ የውሃ አባት ከሆኑ ሃያ ዓመታቸው። ከጎናቸው ወይዘሮ ተናኜ፣ የቡሬዋ በርበሬ ነጋዴ፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው። ከእነሱ ቀጥሎ አቶ ክንፈሚካኤል፣ ምሰሶ ተደግፎ። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ቴዎፍሎስ ወንበር ቀርቦለት ጥግ ላይ ነው፤ ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ቅጹ ሃያ አራት ነጥብ አለው። «መምህሩ ዓላማውን በሰሌዳው ጽፏል ወይ?» ይላል። «የሰሌዳ አጠቃቀሙ ሥርዓት አለው ወይ?» ይላል። «ተማሪው አሰበ ወይ?» የሚል ከሃያ አራቱ አንድም የለበትም። የጻፈው ሰው ረስቶት ይሆናል ብዬ ልለፈው፤ ባልፈው ግን ይቆጨኛል።

ንግሥቴ አነበበች።

«በአንድ አገር አንድ ወንዝ ነበር። ወንዙ ያጠበውን አይረሳም። ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያጠበው ሰው ይረሳል፣ ወንዙ ይዞት ይወርዳል፤ ከታች የጠጣው ሰው ደግሞ ያንን ትዝታ የራሱ አድርጎ ይነሣል።

«አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በአርባኛው ቀን የባሏን ጋቢ ይዛ ወንዝ ወረደች። ወደ ታች ተመለከተች። ጋቢውን ነከረችው፣ አሸችው፣ ጨመቀችው። ስትነሣ ትከሻዋ ቀሎ ነበር። ቤቷ ገብታ መደቡ ላይ የተቀመጠውን ባርኔጣ አየችና፣ የማን እንደሆነ ጎረቤት ጠየቀች።

«የሁለት ቀን መንገድ ወደ ታች አንዲት ልጅ በእፍኟ ጠጣች። ቀና ስትል አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም። ሰውየው ሲስቅ ጥርሱን በእጁ እንደሚሸፍን ግን ታውቃለች። እናቷ ‹ምን ሆንሽ?› ብትላት ‹ባሌ ሞተ› አለች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ነው። በነጋታው ወንዙን ተከትላ ወደ ላይ ወጣች። ሴትዮዋን ደጃፏ ላይ አገኘቻት። ‹የእርስዎን ይዤ መጥቻለሁ› አለቻት። ሴትዮዋም ‹ተሳስተሽ ይሆናል ልጄ፤ እኔ የጠፋብኝ ነገር የለም› አለቻት።»

ወረቀቱን አወረደች። ታሪኩ የሚያቆመው እዚህ ነው።

«የዚህ አገር ሕግ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሃምሳ ሁለት ልጅ እጁን አወጣ። ሃምሳ ሁለቱም። እስከ ዛሬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ በደኅናው ሐሙስ ቢበዛ ስምንት፣ ዘጠኝ እጅ ነው። ንግሥቴ መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ አንድ ነገር ዐይኗን ወጋት። ከእጆቹ የበዛው ግራ እጅ ነበር። ምስክርና መሰሎቹ ቀኛቸውን፣ በሐሙስ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁት ደግሞ ግራቸውን፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ አድርገው ይዘዋል።

ገባት። ጆሮዋ ጋለ።

ይህን ዘዴ ታውቀዋለች፤ ራሷ ነች ያደረገችው። እዚህ ከመምጣቷ በፊት፣ ደምበጫ አጠገብ በተቀጠረች በሁለተኛ ዓመቷ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተባለና ልጆቹን «መልሱን የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራችሁን አውጡ፤ ማንም እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ» ብላ አስጠናቻቸው። ቀኝ ቀኙን ብቻ እየጠራች ምስጉን ተባለች። በዚያ ምስጋና ያፈረችው ዘግይታ ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ለእነዚህ ልጆች በራሷ ላይ እየሳቀች አጫወተቻቸው፤ ዳግመኛ እንዳይደረግ ብላ። እነሱ ግን ከጨዋታው የወሰዱት ማፈሯን አይደለም። ዘዴውን ነው።

ምስክርን ጠራችው። ተነሣ።

«ሕጉ፣ ወንዙ ያጠበውን አይረሳም፤ ያጠበው ሰው ግን ይረሳል። ሁለተኛው መስመር» አለና ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ።

ሌላ ቀኝ እጅ ጠራች። «ሸክሙ የወደቀው ልጅቱ ላይ ነው፤ ያለ ባል ባሏ ሞተ» አለች የተጠራችው ተማሪ። ከኋላ ወይዘሮ ተናኜ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ቴዎፍሎስ ምልክት አደረገ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አቶ ክንፈሚካኤል ትከሻው ከምሰሶው ላይ ላላ።

ሁሉም ልክ ነበር። ሁሉም ንጹሕ ነበር። ገጹ ላይ ያለውን ገጹ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ወንዙን የነካ አልነበረም። ንግሥቴ እንዲህ እያለች ደወሉ እስኪመታ ልትሄድ ትችላለች፤ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፤ ሐሙስም ይተርፍላታል። የሚተርፈው ግን ሐሙስ አይሆንም። ወርክሺት ነው፣ ዘንዶ የተሣለበት ወርክሺት።

ግድግዳው ሥር የተቀመጠችውን እስከዳርን አየቻት። ከፍኖተ ሰላም በስተ ጀርባ ካለ ገጠር ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትመጣ፣ ዓመት ሙሉ ከስሟ በቀር ያልተናገረች ልጅ ናት። ግራ እጇ ከሁሉም በላይ ቀጥ ብሏል።

«እስከዳር» አለቻት።

እስከዳር ግራና ቀኟን አየች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ በግራ ነኝ» አለች።

«አይቻለሁ። ተነሺ።»

ተነሣች። ጎኗ ያለችው ልጅ ወረቀቱ ላይ መልስ እየጠቆመች ታንሾካሹክላታለች። እስከዳር አልሰማቻትም።

«አላውቀውም» አለች።

አቶ ቴዎፍሎስ ብዕሩን አነሣ። አቶ ክንፈሚካኤል ጣሪያውን አየ።

«ደግ» አለች ንግሥቴ። «ምኑን ነው የማታውቂው?»

እስከዳር ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ቀና ስትል ልጅቱ ፊቷ ተለውጧል፤ የተጠየቀች ሳይሆን የምትጠይቅ ሰው ፊት ነው።

«ሴትዮዋን» አለች። «ሴትዮዋን አላወቅኋትም። የአገሩ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል ብለው አንብበዋል። እንግዲያ እሷም ታውቃለች ማለት ነው። ከታች ሰው እንደሚጠጣው እያወቀች ነው ያጠበችው? ወይስ ሐዘን ሲበዛ የታች ሰው አይታይም?»

ማንም እጁን አላወጣም። የተነሣው ሁሉ ወረደ፤ ግራም ቀኝም። ሃምሳ አንድ ልጅ ወረቀቱ ላይ ተደፋ።

ከኋላ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ተሰማ።

«ታውቃለች» አሉ አያ ሀይሉ።

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ሰውየው መናገራቸውን ያወቁት ከተናገሩ በኋላ ሳይሆን አይቀርም፤ ግን የጀመሩትን የሚተዉ ሰው አይደሉም።

«የላይ ሰው ሁልጊዜ ያውቃል። ሃያ ዓመት ተራ ስከፍል ‹ከታች ሰው መኖሩን አላወቅሁም› ያላለኝ የላይ ሰው የለም። አንድም ቀን አምኛቸው አላውቅም።»

«አይ አያ ሀይሉ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ፣ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው። «ባሏ የሞተባት ሴት ናት እኮ። እርስዎ ከጎመን ማጠጫ ውሃ ጋር ያነካኳታል?»

«ውሃ ውሃ ነው ተናኜ።»

«ሐዘን የያዘው ሰው የፊቱን አያይም፤ እንኳን የሁለት ቀን መንገድ።»

አቶ ቴዎፍሎስ ከወንበሩ ከፍ አለ። «ይቅርታ፣ ወላጆች የተጋበዛችሁት ለመታዘብ ነው።»

«እየታዘብን እኮ ነው» አሉት አያ ሀይሉ፤ ልጆቹ ሳቁ።

ንግሥቴ እዚህ ላይ ምን ታድርግ? ሌላ መምህር ቢሆን «እናመሰግናለን አባቶች» ብሎ ወደ ሰሌዳው ይዞር ነበር። እሷ ግን የሐሙስ ሕግ ለሽማግሌም ሕግ ነው ብላ ታምናለች።

«አያ ሀይሉ፣ ታውቃለች ያሉት ገጹ ላይ ከየት አግኝተውት ነው?» አለቻቸው።

ልጆቹ በድንጋጤ ተያዩ። አያ ሀይሉ ግን አልከፋቸውም። «ዐይኔ ፊደል አይለይም፤ አንቺ ወንዝ የወረደችበትን ድገሚልኝ» አሉ።

ደገመችላቸው። «...የባሏን ጋቢ ይዛ ወንዝ ወረደች። ወደ ታች ተመለከተች። ጋቢውን ነከረችው...»

«እዚያ ላይ ቁሚ» አሉ እጃቸውን አንሥተው። «ይኸው። ልብስ ሊያጥብ የወረደ ሰው ወደ ታች ማየት ምን አመጣው?»

ሁለት ጊዜ የተነበበ፣ በሃምሳ ሁለት ልጅ ዐይን ሥር ያለፈ መስመር ነው። ማንም አላየውም ነበር። ምስክር «እንዴ» አለና ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አስጠጋ።

«ሰው እንዳያያት ነዋ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «ሴት ልጅ ወንዝ ወርዳ ሰው መኖር አለመኖሩን አታይም?»

«ማን እንዳያያት?»

«ሰው።»

«ይኸውልሽ። ሰው መኖሩን ታውቃለች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ተናኜም ሳይወዱ ሳቁ፤ ግን እጅ አልሰጡም። «ብታውቅስ? ባርኔጣውን የማን ነው አለች እኮ። ይህን ያህል ከፍላበታለች። እናንተ ደግሞ ጨምራችሁ ትከሷታላችሁ።»

ምስክር ቀስ ብሎ ተነሣ። እጁን አላወጣም፤ ረስቶታል።

«ቲቸር፣ ቅድም ያልኩትን ልተወው?»

«ለምን?»

«ልክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ባርኔጣው ላይ ያለውን አላየሁትም ነበር።» ጣቱን አሳረፈ። «ሴትዮዋ ልታጥብ የወረደችው ሐዘኗን ነው። ወንዙ ግን ሐዘኑን ለይቶ አይወስድም፤ ሰውየውንም አብሮ ወሰደባት። እና ልጅቱ... ልጅቱ ተሸክማ የመጣችው ሐዘን ብቻ አይደለም። ሰውየውን ነው ይዛላት የመጣችው። ሲስቅ ጥርሱን የሚሸፍነውን ሰውዬ። አሁን እሱን የምታውቀው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት።»

«እንግዲያ ትመልስላት?» አለች እስከዳር፣ እንደ ቆመች። «ብትመልስላት እኮ ሐዘኑም አብሮ ነው።»

ደወሉ ተመታ። የተንጠለጠለው ብረት በግቢው ሁሉ ጮኸ፤ የሌላው ክፍል ልጆች በመስኮቱ ሥር እየሮጡ አለፉ። ከዚህ ክፍል የተነሣ አልነበረም።

አቶ ቴዎፍሎስ ቅጹን ቢሮ ውስጥ ሞልቶ ጨረሰ። ከመቶ ስድሳ አንድ። የትምህርቱ ማጠቃለያ በሰሌዳ አልተጻፈም፤ የክፍል ሥርዓት ተጓድሏል፤ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሰዓቱ አልቋል። እንደ ቅጹ ከሆነ ዋሽቶ አይደለም። ንግሥቴ አነበበችውና ፈረመች። «የመምህሩ አስተያየት» በሚለው ሥር «የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ትክክል ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ብዕሩን ሳትመልስ ወደ ኮሚቴው ዞረች።

«ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ» አለች። «ልጆቹ ተማክረው ነበር። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን እንዲያወጣ። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ ግን ዘዴውን ከእኔ ነው የሰሙት። በወጣትነቴ ሠርቼበታለሁ።»

አቶ ክንፈሚካኤል ዐይኑን ጨፈነ። ምን አስለፈለፈሽ የሚል ፊት ነው።

አቶ ቴዎፍሎስ ቅጹን እንደገና ተመለከተ። «እኔ አላየሁም» አለ። ሃያ አራት ነጥብ ይዞ ገብቶ የሃምሳ ሁለት ልጅ እጅ አላየም።

ወይዘሮ ተናኜ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አሰቡ። «ቆይ» አሉ። «ያችን ልጅ፣ በግራ ነኝ ያለችውን፣ አውቀሽ ነው የጠራሻት?»

«አውቄ ነው።»

«አላውቅም እንደምትልሽ እያወቅሽ፣ እሱ ብዕር ይዞ ተቀምጦ?»

«አዎ።»

«በቃኝ፣ አምኛታለሁ» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «እኔ ሚዛን የማያጭበረብር ነጋዴ እንኳ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።»

አያ ሀይሉ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ንግግራቸው አጭር ነበር። «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይላሉ። ልጆቹ ፈተና የወደቁት ሒሳብ ስለጎደላቸው ብቻ አይደለም፤ የተጻፈን ነገር ስለማያዩ ነው። እኔ ፊደል የማልለየው ያየሁትን እነሱ ሁለት ጊዜ አልፈውታል። እሷ ናት እንዳይ ያደረገችኝ። ወርክሺቱን ጧት ጧት ቀድማችሁ አድርጉት፤ ልጆቹን እኛ በጊዜ እናስነሣለን። ሐሙስ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ይቆይ። ያን ጊዜ እንደገና እንይ።»

ተቃውሞ አልቀረበም። አቶ ክንፈሚካኤል ቃለ ጉባኤውን ጻፈ። «እስከ መንፈቀ ዓመቱ» የሚለውን ንግሥቴ ሰምታዋለች፤ አልወደደችውምም። ትምህርት በቀጠሮ የሚፈቀድባት አገር ያበሳጫታል፤ እኔንም ያበሳጨኛል። ግን ዛሬ የተገኘውን ዛሬ ትይዘዋለች።

ስትወጣ ልጆቹ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይጠብቋታል። የምትላቸውን በመንገድ ላይ አሰናድታለች። ስለ ማታለል፣ ስለ ማፈር፣ የራስን አለማወቅ ስለ መደበቅ። ፊቷን አጥቁራ ደረሰች።

«የቀኝና የግራውን ያቀደው ማን ነው?»

ምስክር መሬት አየ። የተናገረችው እስከዳር ናት።

«ሁላችንም ነን ቲቸር።»

«እኔን ለማዳን ነው? እኔ በእናንተ ውሸት የምድን ሰው ነኝ?»

«እርስዎን አይደለም» አለች እስከዳር። «እርስዎማ ሰዓቱን ቢያነሡብዎት ማክሰኞም ያስተምራሉ። ሐሙስን ለማዳን ነው። እሱ የኛ ነው።»

ንግሥቴ ያሰናዳችውን ተግሣጽ ጀመረችው። «ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ...» ብላ ግማሽ ላይ ቆመች። የቀረው ጠፋት። ከጀመረችው ቀን አንሥቶ «የእኔ ሐሙስ» ስትል ኖራለች፤ «የኛ ነው» ያላት ሰው ገና ዛሬ አገኘች። ያውም በዓመት አንድ ጊዜ አፏን የከፈተች ልጅ።

ፌስታሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለቻቸው። «መንገድ የሚርቃችሁ አላችሁ።»

ሄዱ። እስከዳርና ምስክር ከኋላ ቀርተው፣ ልጅቱ ትመልስላት አትመልስላት እያሉ፣ እየቆሙ እየሄዱ ይከራከራሉ። ንግሥቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ደረቷን ነፍታ፣ እስኪሰወሩ ድረስ አየቻቸው። የሚያያት አልነበረምና መኩራቷን አልደበቀችም።